ጥያቄ አለኝ፦ የኢንተርኔት አራድኛ በፌዝ ሲፈታ

ባለፈው እትም «ግራ የሚያጋቧችሁን የኢንተርኔት ቃላት ላኩልን፣ ከቻላችሁም የራሳችሁን አስቂኝ ፍቺ ጨምሩበት» ብለን ነበር። ፍቺው ጥቂት፣ ጥያቄው ብዙ ሆኖ መጣ። ይሁን፣ ጥያቄም ያስቃል። ስም አንጠራም፤ በብዕር ስማችሁ እንሂድ።

ጥያቄ፦ ልጄ ጌም ሲጫወት ስሙን የሚጽፈው ግማሹን በቁጥር ነው። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ 1337 አለ። መጀመሪያ የይለፍ ቃል መሰለኝ። ቀጥሎ ደግሞ የሆነ ስውር ማኅበር ውስጥ የገባ መሰለኝና እንቅልፍ አጣሁ። ብጠይቀው «እማ፣ አይገባሽም» ይለኛል። እውነት ምንድን ነው?
(እንቅልፍ ያጣች እናት)

መልስ፦ እትዬ፣ በሰላም ይተኙ። ቁጥሮቹን እንደ እንግሊዝኛ ፊደል ካዩዋቸው 1337 «ሊት» ተብሎ ይነበባል። 1 ኤልን ይመስላል፣ 3 ፊቱን ያዞረ ኢ ነው፣ 7 ደግሞ አንድ ክንዱ የጎደለ ቲ። ቃሉ የመጣው «ኤሊት» ከሚለው ነው፤ ምርጥ፣ ከሌላው ከፍ ያለ ለማለት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ (ከዚህ ወዲያ ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) ሰዎች ኮምፒውተራቸውን ከስልክ መስመር ጋር እያገናኙ መልእክትና ፋይል የሚለዋወጡባቸው የመልእክት ሰሌዳዎች ነበሩ። እዚያ «ኤሊት» የተባለ ተጠቃሚ ለሌላው የተዘጋ ፎልደር ይከፈትለታል። በአጭሩ ማዕረግ ነበር። ፊደልን በቁጥር መተካቱም፣ እሱም «ሊት» ይባላል፣ በዚሁ ሰፈር ተለመደ፤ ለጉራም ያገለግላል፣ የተከለከሉ ቃላትን እየለቀመ የሚያግድ ማጣሪያ ካለም ያስመልጣል።

የእኔ ፍቺ ይህ ነው። 1337፦ ከሰው በምን ልለይ እያለ ሲያስብ አድሮ ጠዋት ካልኩሌተር ያነሳ ሰው።

ካልኩሌተር ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። 0.7734 ጽፈው ካልኩሌተሩን ቢገለብጡት በእንግሊዝኛ «ሄሎ» ይነበባል። የቆየ የተማሪ ጨዋታ ነው። ልጅዎ ማኅበር አልገባም፣ እየተጫወተ ነው።

ማስጣል ከፈለጉ ደግሞ ቁጣ አያስፈልግም። ነገ ማታ «ቶሎ ተኛ 1337» ብለው ይጻፉለት። የአራዳ ቃል ዕድሜው እናት እስክትጠቀምበት ድረስ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለ«ሎል» ፍቺ ጽፌ ለጀለሶቼ ላክሁላቸው። «ሎል፦ ተጠርቶ ሳያልቅ የመጣ ሎሌ» ይላል። ማንም አልሳቀም። አንዱ እንደውም «ሎል» ብሎ መለሰልኝ፣ እንዳልሳቀ ግን አውቃለሁ። ምኑ ጋ ነው የተበላሸው?
(ሳቅ ያጣሁ)

መልስ፦ አንተ ልጅ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል እኮ። የፈታኸው ድምፁን ነው። ሎል ሎሌን ይመስላል፣ እሺ፣ ከዚያስ? ቃሉን የሚጽፈው ሰውዬ የታለ? አስቂኝ ፍቺ የሚሠራው ቃሉን ለቀቅ አድርገህ ቃሉን የሚጠቀመውን ሰው ስትይዘው ነው። ጓደኛህ ሳይስቅ «ሎል» አለህ። ፍቺህ እዚያው ቁጭ ብሎ ነበር፣ ዘለልከው።

እስቲ አብረን እንሞክር። መጀመሪያ እውነቱ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና። ሎል «ከት ብዬ ሳቅሁ» የሚል ሐሳብ ያላቸው የሦስት እንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደል ነው። በ1989 የመልእክት ሰሌዳ ተጠቃሚዎች ያነቡት በነበረ ጋዜጣ ላይ ከሌሎች አህጽሮተ ቃላት ጋር ተዘርዝሮ ወጥቷል። በ2011 የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አስገባው። በዚያው ዙር የገባው «ኦኤምጂ»፣ ማለትም «ወይ አምላኬ»፣ ዕድሜው ሲፈተሽ የትኛው ወጣት ጋ የተገኘ ይመስልሃል? በ1917 አድሚራል ጆን ፊሸር ለዊንስተን ቸርችል በጻፈው ደብዳቤ ላይ። የ76 ዓመት ሽማግሌ ነበር። ስለዚህ «የዘንድሮ ልጆች ቋንቋ አበላሹ» የሚልህ ሰው ካለ አድሚራሉን ጥራለት።

አሁን ወደ ፍቺው። የመጀመሪያ ሙከራ፦ «በጽሑፍ የሚሳቅ ሳቅ።» እውነት ነው፣ ግን አያስቅም፤ ይሄ መዝገበ ቃላት ነው። ሁለተኛ ሙከራ፦ «ያልሳቀ ሰው ሳቅ።» ይሻላል፣ ግን ይህን ያላለ የለም። ትንሽ ጠጋ ብለን ሰውዬውን እንየው። ተጋድሟል። የስልኩ ብርሃን ፊቱ ላይ አርፏል። ከንፈሩ ንቅንቅ አላለም፣ ዓይኑም ወደሚቀጥለው መልእክት ሄዷል፣ የሠራው አውራ ጣቱ ብቻ ነው። እንግዲያውስ፦ «ሎል፦ አውራ ጣት ፊትን ወክሎ የሚስቀው ሳቅ።» ይሄ ይሄዳል። ቃሉን የማያውቅ ሰው ትርጉሙን ይገምታል፣ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ራሱን ያይበታል። ሁለቱን ካገኘህ በቃ፣ አትጨምርበት።

ሌላም መንገድ አለ። ዛሬ ሎል አብዛኛውን ጊዜ ሳቅ እንኳን አይደለም። «ዛሬ አልመጣም ሎል» የሚል ሰው ምን አሳቀው? ምንም። አትቀየመኝ ማለቱ ነው። የቋንቋ ምሁሩ ጆን ማክዎርተርም ሎል ሳቅ መሆኑ ቀርቶ የመግባባት ምልክት ሆኗል ይላል። ስለዚህ፦ «ሎል፦ መጥፎ ዜና የሚጠቀለልበት ጥጥ።» የቱ እንደሚሻል አንተ ፍረድ፣ እኔ የአውራ ጣቱን እወዳለሁ።

ደግሞ መዝገበ ቃላት ውስጥ መቀለድ ነውር እንዳይመስልህ። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ማለት ምን እንደሆነ ሲፈታ «ማንንም የማይጎዳ ለፊ» ብሎ ጽፏል። እሱም የያዘው ሰውዬውን ነው። ሰውዬው ደግሞ ራሱ ጆንሰን ነው።

ጥያቄ፦ ፒ፣ ደብሊው፣ ኤን ተከታትለው ተጽፈው አየሁ። መሃላቸው አናባቢ የለም። እንዴት ነው የሚነበበው?
(ምላሴ ታሰረ)

መልስ፦ ብዙ ሰው «ፖውን» ይለዋል። አትጨነቅ፣ ቃሉ ለምላስ አልተሠራም። የእንግሊዝኛ ቁልፍ ሰሌዳ ላይ ኦ እና ፒ ጎረቤታሞች ናቸው። «ኦውን»፣ ማለትም እጄ ገባህ፣ ሊል የቸኮለ ጣት አንድ ቁልፍ አልፎ መታ፤ ስህተቱም ተወደደና ቃል ሆኖ ቀረ። በእኛ አፍ «ተበላህ» ነው።

ፖውን፦ ጠላቴን ድል ነሣሁ ለማለት ሲጣደፉ በፊደል መሸነፍ።

የዚሁ ዘመድ «!!!!11» ነው። ቃለ አጋኖና 1 ቁጥር የሚገኙት አንድ ቁልፍ ላይ ነው። ሺፍት የሚባለውን ቁልፍ ቀድመህ ከለቀቅኸው ጩኸትህ መሃል ላይ ቁጥር ይሆናል። ፌዘኞቹ ይህን አይተው ሆን ብለው በፊደል «አንድ»፣ «አሥራ አንድ» እያሉ ይጨምሩበት ጀመር፤ በተናደደ ሰው ሙድ ለመያዝ። «!!!!11፦ ልቡ ሳይበርድ ጣቱ የደከመው ሰው።»

ጥያቄ፦ «ዉት» የሚለው ቃል አህጽሮት ነው፣ «ሌላውን ቡድን ገዛነው» ማለት ነው ብሎ አንዱ ተከራከረኝ። ሌላዋ ደግሞ የለም፣ የድሮ ቃል ነው አለች። እኔ የራሴን ታሪክ ፈጥሬ ብከራከራቸው ምን አለበት?
(ክርክር የምወድ)

መልስ፦ ፍቺ ፍጠሪ፣ ደስ ይለኛል። ታሪክ ፈጥረሽ እንደ እውነት ማስኬድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ ቀደዳ ይባላል። ዉት በሁለት ዜሮ የሚጻፍ የደስታ ጩኸት ነው። ሜሪየም ዌብስተር የሚባለው የአሜሪካ መዝገበ ቃላት አሳታሚ በ2007 የዓመቱ ቃል ብሎ ሲመርጠውም ከነዜሮዎቹ ነበር። የአንድ ቃል መነሻ ነው ተብሎ እንዲህ ጥርት ያለ አህጽሮት ሲቀርብልሽ ተጠራጠሪ፤ ቃሉ አድጎ ከተስፋፋ በኋላ በልኩ የተሰፋለት ልብስ ሊሆን ይችላል።

ቀልድ እንደ ቁም ነገር መወሰዱ አዲስ ችግር አይደለም። ስኮት ፋልማን በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ መስከረም ወር 1982 ላይ፣ ሁለት ነጥብ፣ ሰረዝና ቅንፍ ገጥሞ :-) የሚለውን የጎን ፈገግታ ያቀረበው በዚሁ ምክንያት ነው። የመልእክት ሰሌዳቸው ላይ ሰው ይቀልዳል፣ ሌላው ከምሩ ወስዶ ይሟገታል። ቀልድ ከሆነ ምልክት ይደረግበት አለ። አርበን ዲክሽነሪ ደግሞ፣ አሮን ፔካም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1999 የጀመረው፣ ማንም ፍቺ የሚጽፍበትና አንባቢ አውራ ጣት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እያደረገ የሚፈርድበት የኢንተርኔት ገጽ ነው። አውራ ጣት ደግሞ ለሚያሳቀው እንጂ ለትክክለኛው አይነሳም። እዚያ ያገኘሽውን ታሪክ ይዘሽ ክርክር አትግቢ።

ለማንኛውም ይህን ውሰጂ። ዉት፦ የሚያቅፈው ሰው አጠገቡ ያጣ ደስተኛ።

ጥያቄ፦ ጌም መሃል አንድ የማላውቀው ሰው 555 ብሎ ጻፈልኝ። እኔም 556 አልኩት። ከዚያ ዝም አለ። ምን አጠፋሁ?
(ቆጣሪው)

መልስ፦ ኧረ አንተስ ትገርማለህ! በታይላንድ ቋንቋ አምስት «ሃ» ነው የሚባለው። ሰውዬው «ሃሃሃ» እያለ እየሳቀ ነበር። ስድስት ደግሞ «ሆክ» ነው። አንተ «ሃሃሆክ» ብለህ መለስህለት፤ ሳቁ መሃል ትን ያለው ሰው መስለህ ታይተኸዋል። ደንግጦ እንጂ አልተቀየመህም።

ሳቅ በየቋንቋው ሌላ መልክ አለው። ቻይናዎች 88 ሲሉህ አንተ ላይ እየቆጠሩ አይደለም፣ ቁጥሩ ሲነበብ «ባይ ባይ» ስለሚመስል እየተሰናበቱህ ነው። ፈረንሳዮች በሦስት ፊደል «በሳቅ ሞትኩ» ይላሉ፣ እኛም እንደምንለው ማለት ነው። ከሁሉም የምወደው ግን የጃፓኖቹን ነው። ሳቅ በእነሱ ቋንቋ «ዋራይ» ስለሆነ መነሻውን የላቲን ፊደል ደብሊውን ብቻ ይጽፋሉ። በጣም ሲስቁ ደብሊውውን ይደረድሩታል። የተደረደረው ደብሊው ሲታይ የበቀለ ሣር መሰላቸው። አሁን በቀጥታ «ሣር» ብለው ይጽፋሉ፣ ሳቅሁ ለማለት። ጉዳዩ ይበልጥ የሚያስቀው ደግሞ በእኛ ቋንቋ ሳቅና ሳር በአንድ ፊደል ብቻ ነው የሚለያዩት፤ ጣታችን ቢስት ጃፓንኛ ጻፍን ማለት ነው።

«ኬክ» ብሎ የሚስቅም ካጋጠመህ የሚበላው አይደለም። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በሚባለው ጌም ውስጥ ሁለቱ ጎራዎች ቋንቋቸው አይገናኝም፤ ሆርድ የሚባለው ወገን ሎል ብሎ ሲጽፍ ጨዋታው አደባልቆ ለተቃራኒው ወገን «ኬክ» አድርጎ ያሳየዋል። ጠላት እየሳቀብህ መሆኑን የምታውቀው በዚህ ነበር።

555፦ ሒሳብ የሚጠላ ሰው ሁሉ ድምሩን የሚያውቀው ቁጥር።

ጥያቄ፦ በእኛ ፊደል ሊት መጻፍ ይቻላል? ወይስ ለዚህም በላቲን መንጠልጠል ነው ዕጣችን?
(ከሀ እስከ ፐ)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ይቻላል፣ እንዲያውም ፊደላችን ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል።

መጀመሪያ መልኩን እንይ። ዐይኑ ዐ ዜሮ ነው፣ ምንም መነካካት አያስፈልገውም። ንጉሡ ሠ ቁጭ ብሎ ደብሊው ነው። ሀ ዩን ይመስላል፣ ዘ ኤችን፣ ተ የመደመር ምልክትን፣ ፐ ደግሞ ቲን። አሁን ደርድራቸው፦ «ሠዐዐፐ»። ቅድም ያወራንለት ዉት ይኸው፣ ከነሁለት ዜሮው፣ አንድም የላቲን ፊደል ሳይነካ። ስልክህ ላይ ጻፈውና ዓይንህን ጨፈን አድርገህ እየው። አንዴ ከታየህ ወዲያ እንደ ፊደል ማንበብ ያስቸግርሃል።

ሠዐዐፐ፦ አማርኛ አንባቢ የማይገባው፣ እንግሊዝኛ አንባቢ ሊጽፈው የማይችል ደስታ።

ሁለተኛ፣ የፊደል መቀያየር። ሌላው ዓለም አንድን ቃል በተለያየ ሆሄ መጻፍን እንደ ረቂቅ ጥበብ ይዞ ሲኩራራ እኛ «ፀሐይ»ን ፀሀይ፣ ጸሐይ፣ ጸሃይ እያልን ስንጽፍ ኖረናል። ለእኛ ይሄ ሊት አይደለም፣ ተራ ደብዳቤ ነው። እርግጥ የሆሄያቱን ሥርዓት የሚጠነቅቁ ሰዎች ይህን ሲያነቡ ጥርሳቸውን ያፋጫሉ፤ እኔም አንዳንዴ አፋጫለሁ።

ሦስተኛው ቁጥር ነው፣ እዚህ ጋ ደግሞ መልክ ሳይሆን ድምፅ ነው የሚሠራው። «1ነት» የሚለውን ማንም ያነበዋል። «በ1ዴ ና» ይሄዳል። ምርጡ ግን 100 ነው፤ «መጥቶ» የሚለውን ስናወራ «መቶ» ስለምንለው «ትናንት 100 ሄደ» ብትጽፍ ነቄ የሆነ ሰው ወዲያው ይገባዋል፣ ያልሆነው ደግሞ መቶው ምን እንደሆነ ሲፈልግ ይውላል። አረቦችም ቁጥርን በላቲን ጽሑፋቸው ውስጥ ያስገባሉ፣ የእነሱ ግን በመልኩ ነው፤ በላቲን የሌለውን ዐይን የሚባለውን ድምፅ በ3 ይተኩታል፣ ፊደላቸውን የገለበጡት ስለሚመስል።

አንድ ነገር ግን አይሄድልንም፣ ማሳጠር። እንግሊዝኛ ሲያጥር አናባቢውን ይጥላል። የእኛ አናባቢ ሆሄው ውስጥ ተሰፍቷል፣ ነጥለህ አትጥለውም። «ሰላም»ን በላቲን የሚጽፍ ሰው አናባቢዎቹን ጥሎ ሦስት ፊደል ላይ ሲያደርሰው አሳጠርኩ ብሎ ይደሰታል። በፊደላችን መጀመሪያውኑ ሦስት ነው! እርግጥ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ላይ በላቲን 160 ሆሄ ሲገባ በእኛ የሚገባው 70 ብቻ ነው። ቢሆንም አናባቢው አብሮ ስለሚሳፈር 70ው ከሚመስለው በላይ ይሸከማል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል የሚለዩበት የጋራ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 ስለሆነ ለ«ሊት» ጨዋታ ዘግይተን ነው የደረስነው። ብዙ ያልተነካ ነገር አለ። ፲ን ልብ ብለህ እየው፣ አይ የሚባለው ፊደል ቁርጥ።

ጥያቄ፦ የቢሮ ኮምፒውተሬ እምቢ ሲለኝ ባለሙያ ጠራሁ። ሁለት ደቂቃ ነካካና ወረቀት ላይ «የአይዲ10ቲ ችግር» ብሎ ጽፎ ሄደ። እኔም ለአለቃዬ እንዲሁ ብዬ ሪፖርት አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ የአይቲ ክፍል ሰዎች ባለፍኩ ቁጥር ይሳሳቃሉ። ዕድሜዬ ሃምሳን ያለፈ ሰው ነኝ።
(የተሳቀብኝ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ይቀመጡ። አይ፣ ዲ፣ 1፣ 0፣ ቲ ብለው በእንግሊዝኛ ይጻፉት። አሁን 1ን እንደ አይ፣ 0ን እንደ ኦ አድርገው ያንብቡት። «ኢዲየት» ወጣ? ደደብ ብሎዎት ነው የሄደው። ይህ የቆየ የባለሙያዎች ቀልድ ነው። ወንድሙ «ፔብካክ» ይባላል፤ ችግሩ ያለው በቁልፍ ሰሌዳውና በወንበሩ መካከል ነው የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያጥር።

እኔ በቃላት መቀለድ እወዳለሁ፣ ይሄ ግን አያስቀኝም። የሚሳቅበት ሰው ማንበብ የማይችለው ቀልድ በቁጥር የተጻፈ ሐሜት ነው። ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ግን ጥሩ ፍቺ ይወጣዋል፣ ይህን አትመው ጠረጴዛዎ ላይ ይለጥፉት።

ፔብካክ፦ በቁልፍ ሰሌዳውና በወንበሩ መካከል ያለ ችግር፤ ባለሙያው ሊያስተካክል ሲቀመጥ ቦታውን እሱ ይይዛል።

ጥያቄ፦ «ኑብ» እና «ኒውቢ» አንድ ናቸው?
(ሰነፍ ጠያቂ)

መልስ፦ አይደሉም። ኒውቢ ጀማሪ ነው፣ ይማራል። ኑብ፣ ያውም በሁለት ዜሮ ሲጻፍ፣ ስድብ ነው፤ ፋራ፣ ያውም ፋራነቱን ልተው የማይል። ኑብ፦ ትናንት የጀመረ ሰው ዛሬ የጀመረውን የሚጠራበት ስም።

ጥያቄ፦ ለጓደኛዬ ፈተና እንደወደቅሁ ነገርኳት። የመለሰችልኝ በትንንሹ የተጻፉ ኦ፣ አር፣ ዜድ ነው። ስድብ ነው እንዴ?
(የወደቀችው)

መልስ፦ ስድብ አይደለም እህቴ፣ ሥዕል ነው። ከጃፓን የመጣ ነው። ኦው መሬት የደረሰ ጭንቅላት፣ አሩ መሬት የተደገፈ ክንድ፣ ዜዱ የታጠፈ ጉልበት። ሦስቱን አንድ ላይ ስታያቸው ተንበርክኮ የተደፋ ሰው ይታይሻል። ተስፋ መቁረጥ፣ ሽንፈት፣ አንዳንዴም «ከአንተ በታች ነኝ» የሚል አድናቆት። ጓደኛሽ ስላንቺ አብራሽ ተደፋች ማለት ነው፣ አመስግኛት። ፍቺው እንዲህ ቢሆንስ፦ ተደፍቶ የሚያለቅስ፣ ስልኩን ግን ያልጣለ ሰው።

ለሚቀጥለው እትም ቃላችን «ለርከር» ነው። ሁሉን የሚያነብ፣ አንድም ነገር የማይጽፍ ሰው ማለት ነው፤ ጥጉን ይዞ ሲያይ የሚውል። ከ15 ቃል ያልበለጠ ፍቺ ላኩ፣ ሰውዬውን ያዙት። ራሳችሁ ለርከር የሆናችሁት እንደማትልኩ አውቃለሁ፣ እናንተን አልጠብቅም።